ልጄ ዓለም አቀፍ የፍሉት ውድድር ልትገባ ነው፤ 8 ሺህ ዶላሩን ላውጣ?

«ሰላም ወንድሜ፤ የምጽፍልህ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጄ 15 ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ ተወልዳ በአራት ዓመቷ ነው ይዣት የመጣሁት። ከአምስተኛ ክፍል ጀምራ በትምህርት ቤቷ ባንድ ፍሉት ትነፋለች፤ አሁን የግል አስተማሪም ይዘንላታል። አስተማሪዋ ‹ዓለም አቀፍ ውድድር መግባት አለባት› ካለች ወዲህ ቤታችን ሰላም የለውም። አንዲት የባንድ እናት ‹በዚህ ፍሉት አትወዳደርም፣ አፉ የወርቅ የሆነ ግዙላት› ብላ 8 ሺህ ዶላር የሚያወጣ አሳየችኝ። በኢሜይል ደግሞ ‹ልጅዎ ተመርጣለች፣ ኒውዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ ትጫወታለች፣ ቶሎ ይክፈሉ› የሚል መጣልን። አባቷ ‹አዝማሪ ልታደርጊያት ነው ወይ?› ይላል። ልጅቷ ትፈልጋለች፣ ግን ትፈራለች። ተበድሬም ቢሆን ፍሉቱን ልግዛ? ከየትስ ልጀምር? ግራ የገባኝ እናት ነኝ።»

ውድ እህቴ፤

ከገንዘቡ ልጀምር። ፍሉቱን አትግዢ። ተበድረሽማ በፍጹም።

ልጆች ስለማስተምር ይሄ ነገር በየጊዜው ያጋጥመኛል። ውድድር ሲቃረብ ወላጅ ጭንቀቱን ሱቅ ሄዶ ነው የሚወጣው። አዲስ ፍሉት ግን አፍና ጣት እስኪለምደው ወራት ይፈጃል። የአፉ ቀዳዳ ጠርዝ አቆራረጥ ከፍሉት ፍሉት ይለያያል፣ የአንቺ ልጅ ደግሞ እነዚህን ሁሉ ዓመታት ትንፋሿን ያስለመደችው አሁን በእጇ ባለው ላይ ነው፤ ውድድሩ ሲደርስ ብትቀይሪባት ቀኑን ሙሉ የምትለማመደው ሙዚቃውን መሆኑ ይቀርና ፍሉቱን ይሆናል።

ስለ ወርቁ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። ጆን ኮልትማን የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳተመው ጥናት አለ። የአፋቸው ክፍል አንድ ዓይነት የሆነ፣ አካላቸው ግን አንዱ ከብር፣ አንዱ ከመዳብ፣ አንዱ ከእንጨት የተሠራ ፍሉቶች አዘጋጀና ሰዎችን አስነፋ። ሰሚዎቹ መለየት አቃታቸው። ነፊዎቹ ራሳቸው እንኳ የያዙት የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ሲነፉ መለየት አልቻሉም። ይሄን ለፍሉት ሰዎች ስትነግሪያቸው ግማሾቹ ይቆጡሻል፣ ተቆጥተውኝ ያውቃሉ። ለውጥ የሚያመጣው የአፉ አቆራረጥ፣ የቁልፎቹ አሠራርና የነፊዋ ከንፈር ነው።

ሙዚቃውን ከገፋችበት አንድ ቀን የተሻለ ፍሉት ያስፈልጋት ይሆናል፣ እሱን አልክድም። ያን ጊዜ አስተማሪዋን ይዛችሁ ሱቅ ሄዳችሁ፣ ብዙ ሞክራችሁ፣ ጥቂት ቀን ቤት ወስዳችሁ አይታችሁ ትገዛላችሁ። ለአሁኑ ግን ያላትን ፍሉት የንፋስ መሣሪያ ወደሚጠግን ባለሙያ ውሰጂው። ከቁልፎቹ ሥር ያሉት ለስላሳ ትራሶች በጊዜ ብዛት ያረጁና አየር ያሾልካሉ። አየር የሚያሾልክ ፍሉት ዝቅተኛዎቹን ድምፆች አያወጣም፣ ልጅቷ ግን ጥፋቱ የራሷ ይመስላታልና ትንፋሿን እየጨመረች አፏን ታበላሻለች። ማጽዳት፣ ዘይት ማድረግና ማስተካከል ጥቂት መቶ ዶላር ቢፈጅ ነው። ልዩነቱ በዚያው ቀን ይሰማል።

የተረፈሽን ገንዘብ ልጅቷን በፒያኖ የሚያጅብ ፒያኒስት ላይ አውጪው። ይሄን ነው ከልቤ የምነግርሽ፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሺው እንኳ። ወላጆች ለፍሉቱ ሺዎች አውጥተው ለአጃቢው ሲደርሱ ይቆጥባሉ፣ ከዚያ ልጅቷ ከስልክ በሚወጣ ሙዚቃ ላይ እየተለማመደች ትከርማለች። ስልክ ደግሞ ትንፋሽ አይጠብቅም። ብትፈጥንም ብትዘገይም በራሱ ፍጥነት ይነጉዳል፣ እሷም ማዳመጥን ሳትማር መከተልን ብቻ ትለምዳለች። ለዳኛ ይሄ ወዲያው ነው የሚታወቀው። ጥሩ አጃቢ በሰዓት ነው የሚከፈለው። ለውድድሩ የሚላከው ቪዲዮ ከሚቀረጽበት ቀን በፊት ቢያንስ ሦስት ጊዜ አብረው ይለማመዱ፣ የመጨረሻው ልምምድ ላይ አስተማሪዋም ትገኝ። አጃቢው ኖታ ላይ ልጅቷ የምትተነፍስባቸው ቦታዎች በእርሳስ ምልክት ይደረግባቸው። ፍጻሜው ላይ ውድድሩ የራሱን ፒያኒስት የሚመድብ ከሆነ ልምምዱ አጭር ነው፣ ያን ጊዜ ያ ምልክት ያለበት ኖታ ያድናታል።

ወደ ኢሜይሉ ልምጣ። «ተመርጣለች» የሚለው። ማን መረጣት? ቪዲዮ አልላካችሁም፣ ማንም አልሰማትም! ሳትጫወት የተመረጠችው ስለምትከፍይ ነው። ካርኔጊ አዳራሽ ውስጥ ዋይል የሚባል 268 መቀመጫ ያለው ትንሽ አዳራሽ አለ፣ ቆንጆ አዳራሽ ነው፣ ለኪራይም ይሰጣል። አንድ ድርጅት ለአንድ ከሰዓት ይከራየውና አርባ ልጅ «አሸናፊ» ብሎ ይጠራል፣ ከየቤተሰቡ የመመዝገቢያ፣ የመድረክ፣ የቪዲዮና የቲኬት ይሰበስባል። ሕገ ወጥ ነው አላልኩሽም። ልጅቷም ፎቶ ትነሳለች፣ አያቷም አዲስ አበባ ሆነው ያያሉ። የምትገዢው ግን የመድረክ ቆይታ መሆኑን አውቀሽ ግዢ፣ ውድድር ብለሽ አትግዢው።

የእውነቱን የምትለዪው እንዲህ ነው። የዳኞቹ ስም ከእነ ሥራቸው ተጽፏል? ያለፉት ዓመታት አሸናፊዎች ታውቀዋል፣ ዛሬስ የት ናቸው? የሚጫወቱት ሥራ ዝርዝር አለ ወይስ «ደስ ያላችሁን ላኩ» ነው የሚለው? አንደኛ ደረጃ ለአንድ ልጅ ነው ወይስ ለሃያ? ደንቡ የዕድሜ ገደቡን በየትኛው ቀን እንደሚቆጥር ይናገራል? መመዝገቢያ ክፍያ መኖሩ ብቻውን አያስፈራሽ፣ ትልልቆቹም ያስከፍላሉ፣ ብዙውን ጊዜም አይመለስም። የሚያስፈራው ካሸነፈች በኋላ የሚመጣው ሂሳብ ነው።

ዓለም ላይ ትልልቆቹን ማወቁ አይጎዳም። ጃፓን ኮቤ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ በየአራት ዓመቱ የሚካሄድ የፍሉት ብቻ ውድድር አለ። ኢማኑኤል ፓሁድ በ1989 እዚያ አንደኛ ወጥቶ፣ ገና በ22 ዓመቱ የበርሊን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ቀዳሚ ፍሉት ነፊ ሆነ። ዴንማርክ ኦደንሰ ከተማ የካርል ኒልሰን ውድድር አለ፣ እዚያ ፍሉት ከቫዮሊንና ከክላሪኔት ጋር ነው። ዓለም አቀፍ የሙዚቃ ውድድሮችን የሚያስተባብር ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ጄኔቫ ላይ አለ፣ አባላቱን ማየት አንዱ ማጣሪያ ነው። ግን እነዚህ የኮንሰርቫቶሪ (ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት) ተማሪዎችና ወጣት ባለሙያዎች ናቸው የሚጋጠሙባቸው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አምጥተሽ እዚያ መሃል መወርወር ደግ አይደለም።

እናንተ ላላችሁበት ቦታ የሚሻለው አጠገባችሁ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሠረተው የአሜሪካ ብሔራዊ የፍሉት ማኅበር በየዓመቱ ነሐሴ አካባቢ በተለያየ ከተማ ትልቅ ጉባኤ ያደርጋል። ከውድድሮቹ አንዱ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነው። የመጀመሪያው ዙር በቀረጻ ነው፣ ያለፉት ጉባኤው ላይ በአካል ይጫወታሉ። ባታልፍ እንኳ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የፍሉት ስብስብ አለ፣ ለዚያም ልታመለክት ትችላለች። ከመላው ዓለም የመጡ ፍሉት ነፊዎችን ባንድ ሕንጻ ውስጥ ታያለች፣ ፍሉት መሞከር ካማራትም ሠሪዎቹ ሁሉ ጠረጴዛ ዘርግተው ይጠብቋታል፣ በነጻ። ማመልከቻው ግን ከጉባኤው ወራት ቀድሞ ነው የሚዘጋው፣ እንዳያመልጣችሁ። ዓለም አቀፉ በሚቀጥለው ዓመትም አለ።

ነሐሴ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ፍልሰታ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው። ልጅቷ የምትጾም ከሆነ የንስሐ አባታችሁን ቀደም ብለሽ አማክሪ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ ቆይቶ ረጅም ሐረግ በአንድ ትንፋሽ መንፋት ራስ ያዞራል፣ መድረክ ላይ የዞረባት ልጅ አይቻለሁ።

አሁን ውድድር ላይ የሚጫወቱትን ሥራዎች እንይ። ዝርዝሩ ላይ ሞዛርት መኖሩ የተለመደ ነው፣ ወይ የጂ ሜጀር ወይ የዲ ሜጀር ኮንቼርቶው (ለፍሉትና ለኦርኬስትራ የተጻፈ ሥራ)። ሞዛርት እ.ኤ.አ. በ1778 ለአባቱ ሲጽፍ ለማይወደው መሣሪያ መጻፍ እንደሚያደክመው አማሯል፣ ዳኞቹ ግን ይሄን ሁሉ ዘመን አልደከማቸውም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሞዛርት ውስጥ መደበቂያ የለም። ጣት ትንሽ ቢዛነፍ፣ ምላስ ቢከብድ፣ ቃና ቢወጣ ሁሉም ራቁቱን ይሰማል። ቀጥሎ የፈረንሳዮቹ አሉ። ፎሬ ፋንታዚውን በ1898፣ ሴሲል ሻሚናድ ኮንቼርቲኖዋን በ1902 የጻፉት ለፓሪስ ኮንሰርቫቶር ፈተና ነው፣ ስለዚህ ከመወለዳቸው ጀምሮ ተማሪን ሊመዝኑ የተሠሩ ናቸው። ሻሚናድ ለልጅሽ ዕድሜ ጥሩ ምርጫ ናት። ሰፊ ዜማ አላት፣ ፈጣን ቦታም አላት፣ ከእውነቱ ከባድ ሆና ነው የምትሰማው። ለብቻ የሚነፋ ሥራ ከተጠየቀ ቴሌማን ለፍሉት ብቻ 12 ፋንታዚዎች ጽፏል፣ ከእነሱ አንዱን ትምረጥ። የባኽን ኤ ማይነር ፓርቲታ ለጊዜው ትተወው። የመጀመሪያው ክፍል ለመተንፈስ ፋታ አይሰጥም፣ የት እንደምትተነፍስ መወሰን ራሱ የዓመታት ሥራ ነው፣ እና ልጆች የሚመርጡት ኖታው ሲታይ ቀላል ስለሚመስላቸው ነው።

ነጻ ምርጫ ያለው ዙር ካለ ደግሞ አሸናፊ ከበደን አስቡት። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር «እረኛው ባለዋሽንት» የሚል ሥራ አላቸው። ደንቡ የሚፈቅድ መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ኢትዮጵያዊ ስለሆነች ብቻ ግን አታስገድጇት፣ ከወደደችው ትጫወተው።

የቪዲዮው ነገር ብዙ ልጅ የሚወድቅበት ስለሆነ ልግፋበት። አብዛኞቹ ውድድሮች ያልተቆራረጠ ቀረጻ ነው የሚፈልጉት፤ ካሜራው ከመጀመሪያው ድምፅ እስከ መጨረሻው ሳይቆም፣ ፊቷ፣ ሁለት እጇና ፍሉቱ እየታዩ። ድምፅ ማሳመር ክልክል ነው። ስልክ ብቻውን አይበቃም፣ ድምፅ ሲጨምር ራሱ ይቀንሰዋል፣ ሲቀንስ ይጨምረዋል፣ ልጅቷ ወር ሙሉ የለፋችበት ጸጥታና ጉልበት ሁሉ አንድ ከፍታ ላይ ይደፈጠጣል። ትንሽ የድምፅ መቅጃ ተዋሺና ከሁለት ሦስት ሜትር ላይ፣ ከራሷ ከፍ አድርገሽ አስቀምጪ። ሳሎናችሁ ምንጣፍና ሶፋ ስለሞላው ድምፁን ይበላዋል። የቤተ ክርስቲያናችሁ አዳራሽ ፒያኖ ካለውና ከሰኞ እስከ ዓርብ ባዶ ከሆነ ለምኚ፣ ግን ማቀዝቀዣውን አስጠፊ፣ ድምፁ ይገባል። ፒያኖው ቅኝቱ የተስተካከለ መሆኑን ከአንድ ሳምንት በፊት አረጋግጪ። ፍሉት ሲቀዘቅዝ ቃናው ይወርዳል፣ ሲሞቅ ይወጣል፣ ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ነፍታ ትሙቅ። ወደፊት አውሮፓ ወይ ጃፓን የምትሄድ ከሆነ ደግሞ እዚያ ፒያኖዎቹ ብዙ ጊዜ የሚቃኙት 442 ኸርዝ ላይ ነው፣ አሜሪካ የለመደችው 440 ነው፣ ከወር በፊት የቅኝት መለኪያዋን (ቱነሯን) ቀይራ ትለማመድ።

በአንድ ቀን ከሦስት አራት ጊዜ በላይ ሙሉውን አትቅረጽ፣ ከንፈር ይደክማል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይብሳል። የጥርስ ሽቦ አላት? ካላት ሐኪሙ የሚያወጣላትን ወይ የሚያጠብቅላትን ቀን ከቀረጻው አርቂው። ሽቦ የወጣለት ልጅ ለሳምንታት አፉ የሰው አፍ ይሆንበታል።

ማስገቢያውን ቀን በእናንተ ሰዓት አትቁጠሩት። አውሮፓ ውስጥ እኩለ ሌሊት ሲዘጋ ሜሪላንድ ገና በፈረንጅ አቆጣጠር ማታ 6 ሰዓት ነው። ሥራ ውለሽ መጥተሽ ልትጭኚ ስትቀመጪ በሩ ተዘግቷል።

አሁን ደግሞ ማንም ፈረንጅ የማይነግርሽን ልንገርሽ። የልጅሽ የቤተሰብ ስም የአባቷ ስም ነው፣ የአንቺ ደግሞ የአባትሽ ስም ነው። ዕድሜዋ ከ18 በታች ስለሆነ የስምምነት ቅጹ ላይ ወላጅ ይፈርማል፣ ፈራሚዋና ተወዳዳሪዋ ግን ዘመድ አይመስሉም። ከአገር ስትወጡማ ድንበር ላይ ሊጠይቁሽ ይችላሉ። የልደት የምስክር ወረቀቷን የተተረጎመ ቅጂ ያዢ፣ አባቷ አብሮ የማይሄድ ከሆነ በኖታሪ የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤ ይስጥሽ። ማመልከቻው ላይ ስሟ ፓስፖርቷ ላይ እንዳለው በፊደል ሳይዛነፍ ይግባ፣ ትምህርት ቤት የሚጠሯትን አጭር ስም ተይው። አዲስ አበባ የተወለደች ስለሆነ የልደት ቀኗንም እዪው፤ ሰባት ዓመት ነው ስምንት የሚለው ስሌት የተሳሳተባቸውና ወረቀት ላይ በአንድ ዓመት የሸመገሉ ልጆች አሉ፣ የዕድሜ ምድብ ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። ግሪን ካርድ ኖሯት ፓስፖርቷ የኢትዮጵያ ከሆነ ለአውሮፓም ለጃፓንም ቪዛ ያስፈልጋታል። የሸንገን ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ይቀበላሉና የጥሪ ደብዳቤው እንደደረሳችሁ ቀጠሮ ያዙ።

አባቷ። «አዝማሪ» ያለው ለማዋረድ ከሆነ አዝማሪም የተከበረ ጥበብ ነው፣ ግን በዚህ አትከራከሪው፣ አታሸንፊም። «ኮሌጅ ያስገባታል» ብለሽም አትሸነግይው፣ ላያስገባት ይችላል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ የፍሉቱ ይሆናል። የሱ ፍርሃት ትምህርቷ ነው፣ ያ ደግሞ ተገቢ ፍርሃት ነው። የቀን መቁጠሪያ ዘርግታችሁ የፈተና ቀኖቿን በሙሉ ጻፉ፣ ኤፒ (የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት) የምትወስድ ከሆነ ፈተናው ሜይ ላይ ነው፣ ቀረጻው ከዚያ ጋር እንዳይጋጭ አድርጉት። ልምምዱም በቀን ከሁለት ሰዓት አይለፍ፣ መሃል ላይ እያረፈች፤ ፍሉት አንገትና ቀኝ አውራ ጣት ያማል። ከዚያ መቅጃውን ለሱ ስጪው። ቀራጩ እሱ ይሁን። «አቁም፣ ኤሲው አልጠፋም» የሚለው እሱ ከሆነ በሦስተኛው ቀረጻ ላይ የማን ወገን እንደሆነ ታይዋለሽ።

የልጅቷ ፍርሃት ደግሞ መፍትሔው ሰው ፊት መንፋት ነው፣ ብዙ ጊዜ፣ ትንንሽ ቦታ። አክስቶቿ ቡና ሲጠጡ፣ የአረጋውያን መኖሪያ ቤት፣ የባንድ ጓደኞቿ ፊት። መጀመሪያ ግን አስተማሪዋ በሌለችበት፣ አንቺም ፊትሽ ላይ ምንም ሳይነበብ ጠይቂያት፤ ውድድሩን የምትፈልገው እሷ ናት ወይስ አስተማሪዋ? «እኔ አይደለሁም» ካለችሽ ፒያኒስቱን ቅጠሪላትና ሻሚናድን ለቤተሰብ ትጫወት፣ መመዝገቢያውን ትቆጥቢያለሽ። «እኔ ነኝ» ካለች ፍሉቱን ይዘሽ ቅዳሜ ጠጋኙ ጋ ሂጂ፣ የመረጣችሁትን ውድድር ደንብም አትመሽ ፍሪጅ ላይ ለጥፊው። ደንቡ ውስጥ ግራ የሚያጋባ ነገር ካገኘሽ ጻፊልኝ፣ በተለይ ስለ ዕድሜው ቀን።